የኤርጫፎን ሸሚዝ ትቆልፍ የነበረች ሴት

የ1986 በልግ ዝናቡ አላባራ ብሎ ነበር። ሰፈራችን ሲቀላ በጭቃ ተጥለቀለቀች፤ ማንጎው ሳይበስል ቆርቆሯችን ላይ ይረግፋል። የምፈትለው ጥጥ እርጥበት እየጠጣ ይበጠስብኛል። እኔም ያን ሰሞን እንደዚያው ነበርኩ፤ ትንሽ ሲነኩኝ ብጥስ። እንዲህ ያደረገችኝም አንዲት ሴት ናት፤ ውብአየሁ ትባላለች።

ባለቤቴ ኤርጫፎ የጨንቻ ሰው ነው። ብዙ ዘመን ሰሜን ወታደር ሆኖ ኖሮ፣ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መጣና የአባቱን ሽመና ያዘ፤ እኔንም አገባ። ሲሠራ ቀስ ይል ነበር፤ እኔ ሙያው የተረሳው መስሎኝ። ኋላ መወርወሪያው ከእጁ መውደቅ ጀመረ። ክንዱ መነመነ፣ እግሩም ተከተለ። ሐኪም አየውና፣ "ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭ ነው የታመመው፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም" አለን።

ካሱ የሚባል የጦር ጓደኛው ምጽዋ ላይ እግሩ ተቆርጦ አበል ያገኛል። ኤርጫፎ ክራንቹን እያየ፣ "እሱስ ታድሏል፤ የሱ ይታያል" ይል ነበር። በተቆረጠ እግር የሚቀና ሰው ያየሁት ያኔ ነው።

እኛም ለአበል አመለከትን። ላይኛው ሰፈር ሴቻ ያሉት የቦርድ ሐኪሞች ግን፣ "ይህ ሕመም የሽመና ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠህ ያመጣኸው ይሆናል። ውትድርና ላይ ሳለህ መጀመሩን ያየ ሰው አምጣ" አሉት።

በሚኒባስ ስንወርድ፣ "የጀመረኝ ከረን ሳለሁ ነው" አለኝ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"በሽተኛ ማን ያገባል?"

"ማነው ያየህ?"

"ውብአየሁ" አለ።

መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምታፈላዋን ሴት ሁሉ ያውቃታል። የጎንደር ሰው ናት፤ ከረን ካምፕ ወጥ ቤት ትሠራ ነበር። እኛ ከተጋባን በኋላ ነው የመጣችው። ማንጎ መሬት ላይ በነፃ የሚወድቅበት አገር አለ ብሎ አንድ ወታደር አጫውቷት እንደመጣች ለደንበኛ ሁሉ ታወራለች። ወታደሩ ማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እኔኮ ሻይዋን ጠጥቻለሁ!

እሱን ልኬ ቤት ቁጭ ማለት አልሆነልኝም። እኔው ሄድኩ።

"ሻይ ነው ወይስ ጠብ?" አለችኝ ብርጭቆ እያለቀለቀች። ለካ እሷም ታውቀኛለች።

"ምስክር ነው።"

"እናንተ ጴንጤዎቹ ምስክር ጠፋባችሁ?" ብላ ሳቀች። የእጁን ነገር ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ። "ሃምሳ አለቃዬ ዛሬም ቁልፍ መቆለፍ አቃተው?"

ሃምሳ አለቃዬ! እኔ ሚስቱ በስሙ ነው የምጠራው። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ስቆልፍለት፣ ይቺ እንኳ የእኔ ብቻ ናት እል ነበር።

ወደ ሴቻ ስንወጣ መሃላቸው ተቀመጥኩ። በላዬ አሻግረው ስላረረ ወጥ፣ ስለ አንድ ሰነፍ በቅሎ ያወራሉ። ኤርጫፎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኛ ቤት በጋሞኛ ነው የምናወራው። በአማርኛ እንዲህ መሳቅ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ሰብሳቢው ሐኪም፣ "በምን አወቅሽ?" አላት።

"በ1980 ክረምት ኩባያ ይዞ ሳለ ጣቶቹ ተከፈቱ። ከዚያ ወዲያ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ።"

"ምኑ ነበርሽ?"

"የካምፑ ወጥ ቤት ሠራተኛ።"

"ወጥ ሠሪ የሃምሳ አለቃ ሸሚዝ ትቆልፋለች እንዴ?" ሌሎቹ ሳቁ። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ውብአየሁ ዞር ብላ አየችኝ። ኤርጫፎ መሬት መሬቱን ያያል። እሷ ዝም ካለች የእሱ ነገር እዚያው እንደሚቀር ገባኝ።

"ንገሪያቸው" አልኳት።

"እስክንበተን ድረስ ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል" አለች። "ጠዋት ከአልጋ ስንነሳ ነው የምቆልፍለት። ከላይ እጀምራለሁ። የታችኛውን እሱ ይሞክራል፤ ሲያቅተው እንዳላየ እሆናለሁ።"

እኔም ከላይ ነው የምጀምረው። እንዳላየ መሆኑን ግን አላሰብኩትም ነበር። አብራው ከመተኛቷ ይልቅ ያ አቃጠለኝ።

በጥቅምት ተፈቀደለት፤ ሕመሙ አገልግሎት ላይ ሳለ የጀመረ ነው ተባለ። በአበሉ የገዛሁት ዱቄት ሁሉ እሷን እሷን ይሸተኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ ኖርንበት።

ኤርጫፎ በ1991 አረፈ። አልቃሹ መሃል ውብአየሁ በር ላይ ቆማ አየኋት። አጥበን ስናለብሰው ከላይ ጀምሬ ቆለፍኩና የታችኛዋን ተውኳት። ወጥቼም፣ "ግቢ" አልኳት።

ገባች። ለአንዲት ቁልፍ ብዙ ቆየች ብዬ ዛሬም አስባለሁ።

በዚያው ዓመት ሻይ ቤቷን ትታ ከሲቀላ ሄደች። መጨረሻ የሰማሁት፣ ጂንካ ገበያው አጠገብ ሻይ ትሸጣለች ሲሉ ነው።