በልጃቸው ስም የተመረመረችው

ሐይቁ ላይ ጭጋግ ሲተኛ ውኃውና ሰማዩ አይለይም። ያን ጊዜ ሳስብ ሁሉም በዚያ ጭጋግ ውስጥ ነው የሚታየኝ፤ ሥራዬም፣ ጦርነቱም፣ እማማም።

ሥራዬ ጤና ጣቢያ ውስጥ መረጃ ማጠናቀር ነበር። ለተመላላሽ ሕክምና የሚመጣ ሰው የቤተሰቡን የጤና መድን ደብተር ያሳያል፤ የተደረገለት ሁሉ ተጽፎ ቅጂው ወደ መድን ቢሮ ይሄዳል። እኔ ከዚያ ላይ የኤችአይቪ ምርመራ ያደረገውንና ያላደረገውን እለያለሁ። አገሩ ሁሉ ለውጥ ለውጥ ሲል ለእኛም ኮምፒውተር መጣልን፤ እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለኝ። ጦርነቱ ሲደርስ ኮምፒውተሩም መዝገቡም ተዘረፈ። የተረፈው ቢሮው ያለው ቅጂ ብቻ ነው።

ከሸሸንበት ስንመለስ ምርመራቸው ሳያልቅ የተበተኑትን ከቅጂው ላይ ፈለግሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር የመጀመሪያ ምርመራዋ ቫይረሱን አመልክቶ ለማረጋገጫው ምርመራ በማግስቱ ተቀጥራ፣ ጦርነቱ ደርሶ ቀርታለች። መድኃኒት የሚያስፈልጋት ከሆነና ከዘገየች ለፅንሱም ያሰጋል። ስሟን ይዤ ሐይቁ ዳር ወዳለው ቤት ሄድኩ። እናትየዋ፣ እማማ፣ በሩን ከፈቱልኝ።

«ልጄ? ልጄ ካረብ አገር መች መጣችና!» አሉ።

ደብተሩን የወሰደችው ከራያ ተፈናቅላ የመጣች፣ እሳቸው ቤት የተጠጋች ክርስቲያን ልጅ ኖራለች። ተናደድኩ። ስንት የውሰት ስም ይሆን ስደምር የኖርኩት?

«ደብተር እኮ ወንፊት አይደለም እማማ፣ ለሰው አያውሱትም!»

«ታማ ዝም ልበላት?»

«አሁን የት ነች?» አልኳቸው።

ልጅቱ ጦሩ ሲመጣ ወደ ግሸን ሸሽታለች። ለምን እንደምፈልጋት አልነገርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ብለውኝ ውጫሌ ገበያ ለሚወጣው፣ ግሸን ለሚሳለመው ሁሉ «እናትሽ ትፈልግሻለች በሏት» እያሉ ላኩ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። በሕልሜ ልጅቱ ጭጋጉ ላይ ትሄዳለች፤ ብጠራት የምጠራው የሌላ ሰው ስም ነው፣ ዞራም አታይም።

አንድ ጠዋት ልጅቱ ከነሆዷ ጤና ጣቢያው መጣች፤ እማማ ከኋላዋ። ምርመራው ተደግሞ ተረጋገጠ፣ መድኃኒቱንም በዚያኑ ዕለት ጀመረች።

ስትወጣ እማማ ደብተሩን አውጥተው «በራሷ ስም ትግባ» አሉኝ። ምን እንዳመማት ዛሬም አልጠየቁም። መድን ቢሮ ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። መዝጋቢው የልጅቱን ማተብ አየ፣ የእማማን ሻርፕ አየ።

«ደብተሩ ለቤተሰብ ብቻ ነው። ዝምድናዋ ምን ይባል?»

ልጅቱ አቀረቀረች። እማማ ተቆጡ።

«እናትሽ ትፈልግሻለች ብዬ አይደል እንዴ የመጣችው?»

መዝጋቢው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ።

«ልጅ ብለህ ጻፍ» አልኩት።