«ጥሩ» የተባለው አዝመራ

ሰሞኑን ከወረኢሉ ስመለስ የአውቶቡሱ ሬዲዮ «አብዛኛው ነዋሪ በአገልግሎቱ መርካቱ በጥናት ተረጋገጠ» አለ። «ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት?» ብዬ ጮክ ስል አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው አዩኝ። እንግዲህ ከሬዲዮ ጋር የሚጣላ ሽማግሌ ሆኛለሁ። ምን ላድርግ፣ የቆየ ቁስል ይነካብኛል።

ወጣት ሳለሁ መካነ ሰላም ኮሌጅ ውስጥ ስታትስቲክስ አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ ሲያሰሉ እጃቸው ይፈጥናል፤ አማካይ ቢሉ መቶኛ ቢሉ አይሳሳቱም። «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» ስላቸው ግን «ከካልኩሌተሩ» ይሉኛል። ሳምንቱን ሙሉ ለፍልፌ ጉሮሮዬ ተዘጋ እንጂ እነሱስ ንቅንቅ አላሉም።

በዚያ ዓመት ገብሱ ሊታጨድ ሲል በረዶ ወረደበት። የግብርና ሰዎች ለየትኛው ቀበሌ ዘር እንደሚሰጡ ለመወሰን፣ ተማሪዎቻችን ገበሬውን እንዲጠይቁላቸው ለመኑን። እኔም ደስ ብሎኝ በገበያ ቀን፣ በእህሉ አቧራና በአህያው ግፊያ መካከል፣ ልጆቹን አሰማራሁ። ተመልሰው ግራፋቸውን ግድግዳ ላይ ለጠፉ። በረዶው ክፉኛ የመታው ቀበሌ አዝመራ፣ ከዳር እስከ ዳር «ጥሩ»!

«ገበሬዎቹ ምን ብለው መለሱ?» አልኩ።

«አዝመራ እንዴት ነው ስንላቸው አልሐምዱሊላህ አሉ» አለ የቡድኑ መሪ ሰይድ። «እስላሙም ክርስቲያኑም።»

«አልሐምዱሊላህ ምርት ነው እንዴ? እዚህ አገር ሰው ታሞ ተኝቶም ይለው የለም?»

ወሎዬ ምስጋናውን በአፉ፣ ችግሩን በሆዱ እንደሚይዝ እኔም እነሱም እናውቃለን። የዚያው ቀበሌ ልጅ ወደሆነችው ወደ ዘይነባ ዞርኩ።

«አባትሽ ስንት ቁና አስገቡ?»

«ምንም። በረዶው ጨረሰው።»

«ጠይቀሻቸው ነበር?»

«አዎ መምህር። አልሐምዱሊላህ አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ጥሩ።» አንገቷን ደፋች። «አባቴ ሰው ፊት አጣሁ አላሉም። ያልተባለ አትጻፉ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

አናቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ያልኩትማ ብያለሁ! «ተመለሱ! አምና ስንት አስገቡ፣ ዘንድሮስ ስንት? ብላችሁ ጠይቁ» አልኩ። ውጤቱን ሊወስዱ የመጡት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግን ግራፉን ከግድግዳው አንስተው መጠቅለል ጀመሩ።

«የማስረከቢያው ቀን አልፏል። ደግሞ ድምሩ መቶ መጥቷል፤ ምን ጎደለው?»

«እውነቱ!»

«አንተ ልጅ ነገር ትወዳለህ» ብለውኝ ይዘውት ወጡ።

ዘሩ ለሌሎች ቀበሌዎች ታደለ። የዘይነባ አባት ማሳቸውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የቀን ሥራ ፍለጋ ቆላ ወረዱ። እሷም ታናናሾቿን ልትይዝ ትምህርቷን አቋረጠች።

ዛሬ የሥራ ባልደረቦቼ «ይህ ትውልድ ሒሳብ አይችልም» ሲሉ ደሜ ይፈላል። የእኔዎቹ ይችሉ ነበር። ያንን ስሌት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ስህተት የለበትም። ቢኖርበት ኖሮ ኃላፊው ራሳቸው «ይታረም» ብለው ይመልሱት ነበር።