ወፍጮ ባረፈበት ቀን፦ በኤሌክትሪክ ሚኒባስ ከቢቸና ሞጣ

የካቲት 21፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት፣ ቢቸና

ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተናል። መኪናችን የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ናት። ድምፅ የላትም፤ ውሾቹ እንኳ የሚጮሁባት ካለፈቻቸው በኋላ ነው። ሾፌሩ ጋሼ አስራት በዚህ መንገድ የናፍጣ መኪና ሲያመላልሱ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እኔ የዩኒቨርሲቲ መምህርት ነኝ። የማጠናው መኪና ቻርጅ ሲደረግ የገጠሩን የመብራት መስመር እንዳያደክም ምን ይደረግ የሚለውን ነው። ከወንበሬ ሥር ያለችው የባትሪ መሙያ ሣጥን ለዚሁ የተሠራች ናት። መስመሩ ሲጨናነቅ ትታገሣለች፣ ሲቀለው ትጎርሳለች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስንሰካት ግን ምንም አልጎረሰችም ማለት ይቻላል። የከተማው ወፍጮ ሁሉ እስኪመሽ ሲያጓራ ዋለ፤ ከዚያ ደግሞ መብራት ጠፋ። ዛሬ ባትሪው ከግማሽ በታች ነው፤ ሞጣ አያደርስም።

ኃላፊዬ ገና መንገድ ሳንጀምር ከአዲስ አበባ ደወለ። ነገሩን ስነግረው አልገረመውም። መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭነሽ መልሻት፣ የቢቸናና የሞጣን መስመር ከጥናቱ እንሰርዘዋለን፣ አዳማ መንገድ ላይ እንሞክራለን አለኝ። አዳማ ላይማ ማንም ይሞክራል! ደሜ ፈላ። ሞጣ በራሷ ጎማ ካልገባች እንዳሻህ ሰርዝ፣ ከገባች ግን መስመሬን አትነካም አልኩት። እናያለን ብሎ ስልኩን ዘጋ። ይህንኑ እንደ እሺታ ቆጠርኩለት።

"ጋሼ፣ እንሂድ።"

"እስከ የት ነው የምንሄደው፣ ቲቸር?"

"እስከምትቆም ድረስ።"

ሳቁና አማተቡ። ከዚያ ነዱ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ፣ መንገድ ላይ

ከከተማው መውጫ ያለው ማደያ በባጃጅ ወረፋ ተከቧል፤ ባለጀሪካኖቹ ከባጃጆቹ ይበዛሉ። እኛ እንደ ጌታ አለፍናቸው። ሁለት ዳቦ በሠላሳ ብር ገዝቼ አንዱን ለጋሼ አስራት ሰጠሁ። በስተግራ የጮቄ ተራራ ጉም ደርቧል፤ በስተቀኝ የጤፍ ጭድ ክምር፣ ባሕር ዛፍ፣ ነጠላ ያጣፋ ሕዝብ። ቁልቁለት ላይ ጋሼ አስራት እግራቸውን ከመርገጫው ሲያነሡ የባትሪው ኃይል ትንሽ ትንሽ ይመለሳል። በዕድሜያቸው ቁልቁለትን እንዲህ ወደውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። አቀበቱ ግን የተመለሰውን መልሶ ይወስደዋል።

2 ሰዓት፣ ደብረ ወርቅ

ባትሪው ከሩብ ብዙም አይበልጥም። ጋሼ አስራት ጣሪያው በሙሉ የፀሐይ ኃይል በሚሰበስቡ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ወፍጮ ቤት አውቃለሁ ብለው ወሰዱኝ። ተዘግቷል። ባለቤቷ እትዬ የሺ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን። ፈራሁ፤ በማርያም ቀን ሥራ ክፈቱልኝ ማለት ምን ይባላል?

"ዛሬ ወፍጮ አይዞርም፤ ማርያም ናት" አሉኝ ገና ከሩቅ።

"ወፍጮው አይዙር፣ እትዬ። መብራቱን ብቻ ቢሰጡኝ ነው።"

ሚኒባሷን አዩ፣ ጣሪያቸውን አዩ። "በዓል የሚያከብረው ድንጋዩ ነው፣ ልጄ። ፀሐይማ መች አርፋ ታውቃለች? ሰኪው።"

ሰካሁት። ሣጥኗ ትናንት ያኮረፈችው ሳትሆን ሌላ ሆነች፤ ያለማቋረጥ ትጎርሳለች።

እትዬ የሺ ድፎ ቆርሰው እያቀረቡልን ወጉን ቀጠሉ። በአሥራ ሁለት፣ በሃያ አንድ፣ በሃያ ሦስት፣ በሃያ ሰባት፣ በሃያ ዘጠኝ ወፍጮ አይነካም። በዋዜማው ግን እህል የጫነ አህያ መቆሚያ ያጣል፤ የትናንቱ የቢቸና ጩኸት ያ ነበር። በበዓል ቀን ጣሪያቸው ላይ የሚወርደው ኃይል ሁሉ ያለ ሥራ ይባክናል፤ ይኼ ሲቆጫቸው እንደኖረ ነገሩኝ።

ቁራሹ እጄ ላይ ቀረ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ ለጥናቱ የተከልናቸው ቆጣሪዎች በዚህ የመብራት መስመር ላይ የመዘገቡትን ፈለግሁ። ኃይል የሚጠቀም ሰው የጠፋባቸው ቀኖች ነበሩ። ቆጣሪው የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ቀኖቹ ሥርዓት አልነበራቸውም፤ ቆጣሪው ተበላሽቶ ነው ብለን ሁሉንም ሰረዝናቸው። የሰረዝኩት በገዛ እጄ ነው። አሁን አንድ በአንድ ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኳቸው። አሥራ ሁለት። ሃያ አንድ። ሃያ ሦስት።

አፈርኩ። እናቴ ማርያምን ሳትዘክር ያለፈችበት ወር የለም፤ እኔ ግን የሕዝቡን በዓል የዕቃ ብልሽት አድርጌ ጣልኩት። እፍረቱ ሲበርድልኝ እልህ ያዘኝ። መስመሩ አልሰነፈም፤ እኛ ነን መቼ እንደሚያርፍ ያልጠየቅነው። ወፍጮው ባረፈ ቀን መኪናው ይብላ፣ በዋዜማው ይጹም፤ ለሣጥኗ የጎደላት ትእዛዝ ይኸው ነበር። የተሰረዙትን ቀኖች በሙሉ መለስኩና ለኃላፊዬ ላክሁለት።

ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ባትሪው ሞላ። እትዬ የሺ የቀረውን ድፎ ጠቅልለው ሰጡን፤ ምንም ብለምናቸው ለመብራቱ ሳንቲም አልቀበልም አሉ።

11 ሰዓት፣ ሞጣ

ገባን! በራሷ ጎማ። መናኸሪያው በር ላይ ሰው ከቦን ሞተሩ የት እንዳለ ይጠይቃል፤ ጋሼ አስራት ራሳቸው የሠሯት ይመስል ያስረዳሉ። ኃላፊዬ ደወለ። የላክሁትን አይቶታል፤ ሆኖም በዓል ስለገጠመሽ ነው፣ ዕድል ነው አለኝ።

"ዕድል በየወሩ ቀኑን ጠብቆ አይመጣም" አልኩት።

ለመሆኑ መመለሻውስ? የጭነት መኪና ልላክልሽ ወይ? ሲል ጠየቀኝ።

"አትላክ። ከነገ ወዲያ ጊዮርጊስ ነው፤ ሞጣ ላይ ወፍጮ አይዞርም። እንደመጣች ትመለሳለች።"