ሩጫው ከእግሯ ሳይወጣ

ከባሌ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ ምስር መልቀም ነው። እሱ ትሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠጠሩን ያወጣል፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ እሱ የጨረሰውን እንደገና አያለሁ። ዓይኑ ደክሞ ስለነበር ከሚያወጣው ጠጠር የሚያልፈው ይበዛ ነበር። ይህንን አላነሳበትም፤ እንደማላነሳበትም ያውቃል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ሩጫው እስኪጀመር ነው የምንጠብቀው።

የምትሮጠው ልጅ የእሱ ተማሪ ነበረች። ባሌ እዚሁ አራዳ ውስጥ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ ሯጮች ማሠልጠኑን አልተወም። ልጅቷን ያገኛት እሪ በከንቱ ከአክስቷ ጋር ስትኖር ነው። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ክዳኑ የወለቀ ቦይ ነበር። ሌላው ልጅ ዞሮ ሲያልፈው እሷ ቦርሳዋን እንዳዘለች፣ ሳትቆም፣ ጓደኛዋን ማውራቷንም ሳታቋርጥ ትዘለው ነበር። እሱ በሩ ላይ ቆሞ ጠዋት ጠዋት ሲያያት ከረመና አንድ ቀን ጠራት። መሰናክል ሩጫ የጀመረችው እንደዚያ ነው። መሰናክሉ እንደ አጥር የቆመ ወፍራም እንጨት ነው። አንደኛው ደግሞ ከበስተኋላው ውሃ የሞላ ጉድጓድ አለው፤ ሯጮቹ እንጨቱን ረግጠው ውሃውን ይሻገሩታል። በዚህ ሩጫ ከዓለም አንደኛ ሆናለች። ከዚያ አገባች፣ ወለደች፣ ከውድድር ራቀች። ያን ዕለት ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሮጧ ነበር፤ ውጭ አገር።

ከእኛ ፎቅ ሥር ሰዓት የሚጠግን ጎረቤት አለን። እሱም ሱቁን ዘግቶ ሊያይ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

እስከ አጋማሹ ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። ከዚያ ውሃው ጋ ስትደርስ እርምጃዋን አሳጠረች፣ ልትቆም ምንም አልቀራት፣ እንጨቱን ረገጠችና በሁለት እግሯ ውሃው መሃል ገባች።

«ምን ታድርግ፣» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ «የእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው። ሲያገኙት መታጠብ ነው እንጂ።»

እኔ ሳቅሁ። ባሌ አልሳቀም። እጁ ትሪው ላይ ቆሟል።

«እያየችው ነው፣» አለ።

«ምኑን?»

«እንጨቱን።»

በሚቀጥለው ዙር እንደዚያው ሆነ፣ በሚቀጥለውም። የጨረሰችው ከመጨረሻዋ ቀድማ ብቻ ነው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስታጎነብስ አንድ አፍታ አሳዩንና ወደ አሸናፊዎቹ ሄዱ።

«አበቃላት ማለት ነው፣ ጋሼ?» አለ ሰዓት ጠጋኙ፣ አሁን ሳይቀልድ።

«ሩጫው ገና እግሯ ውስጥ ነው። ምን ትጠይቀኛለህ?»

ይህን አባባሉን እኛ ቤት የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ባሌ ከውድድር በኋላ ሯጮቹን አያናግርም ነበር። ቢያሸንፉም ቢሸነፉም አገራቸው ገብተው፣ ቤታቸው ተኝተው፣ የእግራቸው ሕመም እስኪለቃቸው ዝም ይላል። ያኔ ይጠራቸዋል፣ ሲራመዱ ያያቸዋል፣ ከዚያ ይናገራል። ሩጫው ከእግር ሳይወጣ የተነገረ ነገር ወይ ያሳብጣል ወይ ይሰብራል ይል ነበር። ልጅቷ ከዓለም አንደኛ የወጣች ዕለት እንኳ ደውላ አላነሳላትም። ሰፈሩ ሁሉ በጭፈራ ሲናጥ እሱ መስኮቱን ዘግቶ ሸሚዙን ይተኩስ ነበር።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጠራ። ማን እንደሆነች ሁለታችንም አይተናል።

«አንሳላት እንጂ፣» አልኩት፣ «ዛሬ እንኳ።»

«ስትመጣ።»

ስልኩን በፊቱ ደፋው። ምስሩን ጨረስን።

በማግስቱ ከአስር ሰዓት በኋላ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሊወርድ ተነሣ። «ቁልፍ ይዣለሁ» አለኝና ወጣ። ሲመለስ ደረጃችን መሃል ላይ ቁጭ አለ። ሰዓት ጠጋኙ ደክሞት የተቀመጠ መስሎት ሰላም ብሎት አልፎ ነበር። እንደገና ሲወጣ ያው እንደተቀመጠ አገኘው።

በእኛ በሙስሊሞቹ ወግ ሬሳ አይቆይም። በንጋታው ተቀበረ። ልጅቷ ከአውሮፕላን ስትወርድ አፈር ውስጥ ነበር።

ለቅሶው እንደ ድሮው አልሆነም። ድሮ ከደረጃችን ሥር እስከ መንገዱ ድረስ ጎረቤት ነበረን፤ አንድ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው ገና ዜናው ሳይዳረስ ነው። አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለው ሁሉ ፈርሶ የእግረኛ መሄጃና ሣር ሆኗል፤ የእድራችን ሰዎች ከከተማው ዳር ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ተበትነዋል። የመጡት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ ነው፣ አመሻሽ ላይም ታክሲ እንዳያጡ ይቻኮላሉ። አልተቀየምኳቸውም። ሴቶቹ ሁሉ የመጨረሻ ቃሉን ይጠይቁኛል። በእኛ ዘንድ የሞተ ሰው በመጨረሻ የተናገረው እንደ ኑዛዜ ነው፤ ሰው ይዞት ይሄዳል፣ ለልጁ ይነግረዋል። እኔ «ቁልፍ ይዣለሁ ብሎኝ ወጣ» እላቸዋለሁ። ሌላ እንድጨምር ይጠብቃሉ። አንዷ «ቁልፍማ ትልቅ ነገር ነው» ብላ ልትፈታልኝ ሞከረች። ደክሞኝ ስለነበር ተውኳት።

ልጅቷ ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣ ዋለች። ልታናግረኝ የመጣችው ሰው ከቀነሰ በኋላ ነው። እኔ ዒዳ ላይ ነኝ፤ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን የምትቀመጠው ነው፣ ካልቸገራት ከቤት አትወጣም። ስለዚህ የሚፈልገኝ ሁሉ ደረጃውን ይወጣል። ልጇን አዝላ ነበር። የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ሴት ደረጃችን ላይ ስታለከልክ ሰማሁ።

ልጁን አውርዳ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ወፍራም፣ ፀጉሩ ያላደገ፣ የያዘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚሰድ ልጅ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂኝ።»

«ጋሼ ስልኬን አላነሱልኝም።»

«ከሩጫ በኋላ አንስቶልሽ ያውቃል?»

«አያውቁም።» የልጁን እጅ ከጫማዋ ማሰሪያ ላይ አላቀቀች። «ግን በኋላ ይናገሩ ነበር። ስድብም ቢሆን ይናገሩኛል።»

«ምን ብሎ ይሰድብሻል?»

«ሶፋ ይሉኝ ነበር። ስፈዝባቸው፣ ‹ተነሺ አንቺ ሶፋ፣ ሰው ተቀምጦብሻል› ይሉኛል።»

ይህን እኔም አልሰማሁትም ነበር። ሁለታችንም ፈገግ አልን። ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። የብሔራዊ ቡድን ሯጮች የሚመረጡበት ውድድር ቀርቧል። ማናጀሯ መሰናክሉን ትታ ጎዳና ላይ እንድትሮጥ ይፈልጋል፤ እዚያ የሚዘለል ነገር የለም ይላታል። ባሏ ደግሞ ያሸነፍሽው ለዕድሜሽ ይበቃል ይላል። ጋዜጠኞቹ ስለ እሷ ሲያወሩ «ነበረች» ማለት ጀምረዋል።

«ሁሉም የየራሱን ነገረኝ። የእሳቸው ብቻ ነው የቀረኝ። ከእሳቸው ጋር ተቀምጠው ያዩት እርስዎ ነዎት። አበቃላት ብለው ከሆነ ይንገሩኝ፣ ነገውኑ እተወዋለሁ። አላበቃም ብለው ከሆነም ይንገሩኝ።»

«የነገርኩሽን ታደርጊያለሽ?»

«እንደ እናንተ ወላሂ ብል እርስዎ ይስቁብኛል። አደርጋለሁ።»

የምትለውን እንደምታደርግ አውቃለሁ። ለቅሶ ላይ የመጨረሻ ቃል ከሚጠይቁት ሴቶች በዚህ ትለያለች፤ እነሱ ይዘውት ሊሄዱ ነው፣ እሷ ልትኖርበት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ሕይወቷ በዚያ በኩል ይሄዳል። «ልጄ ገና ናት፣ ታሸንፋለች ብሏል» ብላት ማንም አያስተባብለኝም። እሱም ይህን ቢል ደስ የሚለው ይመስለኛል። ወይም ደግሞ «ይብቃት ብሏል» ብዬ ወደ ቤቷ ብሰዳት ከአንድ ጭንቀት አሳርፋታለሁ። ሁለቱም አፌ ላይ መጡ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ነው። ጸሐፊው የዘለለውን ነገር አውቄም ቢሆን አልጽፍለትም ነበር፤ ጠርዙ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ እመልስለታለሁ። ይህንን ግን ለማን ልመልሰው?

«‹እያየችው ነው› አለ፣» አልኳት። «እንጨቱን። ውሃው ጋ ስትደርሺ። ያለው እሱን ብቻ ነው።»

ልጁ የሰዓት ጠጋኙን መዶሻ ከታች ሰምቶ ወደ በሩ መዳህ ጀመረ።

«አየዋለሁ፣» አለች። «ድሮ እንጨት መኖሩንም አላስታውስም ነበር። አሁን ከሩቅ ጀምሮ እያደገ ይመጣብኛል።»

«ምን እያሰብሽ ነው?»

«ብሰበር ይሄን ማን ያነሳዋል እላለሁ።» በአገጯ ወደ ልጁ አመለከተች። «ሠራተኛ አይበረክትልኝም። ያሁኗ ከስልኳ ላይ ቀና አትልም። ትራኩ ላይ ሆኜ ጆሮዬ ቤት ነው ያለው። ውሃው ጋ ስደርስ ደግሞ ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ እዚያ ሆኜ፣ ባሕር ማዶ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ሌላ ምንም አላሉም? አበቃላት አላሉም?»

«እታች ያለው ሰዓት ጠጋኝ ጠይቆት ነበር። ሩጫው ገና እግሯ ውስጥ ነው አለው።»

ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ታዲያ እሳቸውም አላወቁም ነበር ማለት ነው።»

«አላወቀም። ስትራመጂ ሊያይሽ ነበር የሚጠብቀው።»

ይህ ያሳዝናታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ያሳዘናት አልመሰለኝም፤ ትከሻዋ ወረደ። እሱ ዝም ያለው ፈርዶባት መስሏት ከውጭ አገር ጀምራ ተሸክማው መጥታለች። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው በደንብ የደከመኝ። የጠየቀችውን መመለስ የሚችል ሰው እንደሌለ ለእሷ ስነግራት ለራሴም ነገርኩት።

ልጁን ልታዝል ስትነሣ «ጠዋት ጠዋት አምጪልኝ» አልኳት።

«ማንን?»

«እሱን ነዋ። ሠራተኛዋ ስልኳን ትይ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ሐዘን ላይ ነዎት።»

«ሐዘን ላይ ያለ ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚውለው። ከሕፃን ጋርም ቁጭ ይባላል።»

«ይሄኛው ቁጭ አይልም፣» አለች። «በኋላ እንዳይወቅሱኝ።»

ሰፈሯ አሁን ሩቅ ነው፤ ቢሆንም ወደ ልምምድ ስትሄድ በእኛ በኩል ታልፋለች። ጎህ ሳይቀድ ለሰላት ስነሣ እጠብቃታለሁ፣ ጸሎቴን ስጨርስ መኪናዋ ታች ይቆማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ እናቱ ከወረደች በኋላ በሩን እያየ ያለቅስ ነበር፤ እኔም ከእሱ ጋር ያለቀስኩባቸው ጠዋቶች አሉ። ማን ማንን እንደሚያባብል አልተለየም። ሰዓት ጠጋኙ ሱቁን ሲከፍት ደረጃውን ወጥቶ ያየዋል። «ይሄ ልጅ ጡረታ የወጣ ሒሳብ ሹም ይመስላል» ይለኛል፤ ራሰ በራነቱን አይቶ ነው። ልጁ ይወደዋል፣ መነጽሩን ይነጥቀዋል።

ልጅቷን አሁን የሚያሠለጥናት ባሌ ያስተማረው ሌላ ሰው ነው። ረፋድ ላይ ልጇን ልትወስድ ስትመጣ እኔ ሳልጠይቅ ትነግረኛለች። «ዛሬ አላየሁትም» ትላለች አንዳንድ ቀን፣ እንደ ልጅነቷ ፊቷ በርቶ። በማግስቱ ደግሞ «አየሁት» ብላ ልጇን ታዝላለች። ፍጥነቷ እንዳልተመለሰ ራሷ ታውቃለች፤ ለመመረጥ የሚያስፈልገውን ሰዓት፣ ሚኒማውን፣ እስካሁን አላመጣችም። ከእሷ በዕድሜ የሚያንሱ፣ ቤታቸው የሚጠብቃቸው ሕፃን የሌላቸው ልጆች ከፊቷ ይሮጣሉ። ማናጀሯ መደወሉን አላቆመም። ባሏ መኪናውን እየነዳ ያመጣታል፣ ግን ሐሳቡን አልለወጠም፤ ደረጃ ሥር ቆሞ ሰላም ሲለኝ ከፊቱ አውቃለሁ።

እውነቱን ለመጻፍ ያህል፣ የምትመረጥ አይመስለኝም። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ስለ ሩጫ የማውቀው አብሬው ተቀምጬ ያየሁትን ብቻ ነው፣ እሱ ሲናገር ሰምቼ እንጂ ራሴ አይቼ የለየሁት ነገር የለም። እሱ ስትራመድ አይቶ ብቻ ያውቅ ነበር። እኔ ደረጃውን ስትወጣ እሰማታለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ትንፋሿ ይሻላል፤ ከዚህ በላይ አላውቅም። መምረጫው ላይ ትሮጣለች፤ ለመሮጥ ወስናለች፣ በራሷ። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ዒዳዬ ገና አልተፈጸመም። አሁን ከንጋት ጀምሮ እናቱ እስክትመለስ ልጁን እይዛለሁ። ሲተኛ እጽፋለሁ፤ ሲነሣ ብዕሩን አስቀምጣለሁ።