የአቶ ፈንቴ ድምፅ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርሁትም። ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ ነበርሁ። ጥሩወርቅ የምትባል የእብናት ልጅ የመመረቂያ ሥራዋን እዚያ ሠራች፤ ምስልና ድምፅ ሳይቆራረጥ የሚያጫውት ትንሽ መሣሪያ። ተራ ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት ድምፁን ያዘገየዋል። የሷ ግን እያንዳንዱን ሥራ በተቀጠረለት ቅጽበት ያደርሳል፤ ቅድሚያ የተሰጠው ያልፋል፣ ሌላው ይጠብቃል። ዘግይቶ የደረሰ ድምፅ እንዳልደረሰ ይቆጠራል ትል ነበር።

በፈተናዋ ዕለት ጧት፣ እሷ ሳትመጣ፣ መሣሪያዋን ነካሁት። የራሴን ፕሮግራም ልሞክር ብዬ ቅድሚያውን ለሱ ሰጠሁ። ሰው ጠራኝና ወጣሁ፤ እንደነበረ መመለሱን ረሳሁት። መርሳቴን አይደለም የምናዘዘው። ሰው ይረሳል።

ለማሳያ የመረጠችው አባቷ አቶ ፈንቴ ስለ በሬ አመራረጥ ሲያወሩ የቀረጸችውን ነበር። እሳቸውም ጋቢያቸውን ለብሰው ከፊት ተቀምጠዋል። ምስሉ ታየ፤ ወዲያው ቆመ። ድምፃቸው ይቆራረጥ ጀመር። እኔ ምክንያቱን አወቅሁት። የክፍሉ ኃላፊ ዞር ብሎ መሣሪያውን የነካው ሰው እንዳለ ጠየቀኝ።

«ማንም አልነካውም» አልሁ።

ምን ነበር የፈራሁት? ተግሣጽ? እኔ ነክቼው አልነካውም አልሁ። ጥሩወርቅ አጠገቤ ቆማ ገመዱን ደጋግማ ትነቅላለች፣ ትሰካለች።

አቶ ፈንቴ ተነሥተው ፈታኞቹን እጅ ነሡ።

«የኔ አነጋገር እንደሁ ያበላሸው እንጃ። ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ልጂቱን አትፍረዱባት።»

የሳቁ ነበሩ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ጥሩወርቅ ወደቀች፤ በዓመቱ ድገሚ ተባለች፣ አልተመለሰችም። እብናት እህል ትሸጣለች ይሉኛል።

አዳራሹ ሲለቀቅ ፕሮግራሜን አጥፍቼ መሣሪያውን ከፈትሁት። አቶ ፈንቴ ስለ በሬ ቀንድ፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ አረማመዱ አንድም ቃል ሳይቆረጥባቸው ተናገሩ። እስከ መጨረሻው ሰማኋቸው። ጉንፋን አልነበረባቸውም።

ያኔ እንኳ ሮጬ መናኸሪያ ብደርስ አገኛቸው ነበር። መሣሪያውን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ። አሁንም ሳስበው እንባ አይመጣልኝም፤ እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የማወራው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለጥሩወርቅ ማደሩ ምን ይረባታል? ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልልም። በሷ ደንብ ይህ ቃሌ አልደረሰም።