ነጠላዋን ያሰጣችው ሴት

ወረታ ውስጥ፣ ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ የሚከራየውን ቤት ልታይ የመጣችው ሴት ወደ ክፍሉ አልገባችም። ነጭ ነጠላዋን ከግቢው ገመድ ላይ አሰጣችና ጥላ ሥር ተቀመጠች።

«እህትዓለም፣ የምትከራይው ቤቱን ነው ገመዱን?» አለቻት አከራያችን ንግሥቲ እየሳቀች።

«ብናኙ ልጄን ያፍናታል፤ ደረቷ አይችልም። ነጠላው ይንገረኝ ብየ ነው።»

የሩዙ ብናኝ በፀሐዩ ወርቅ መስሎ፣ እንደ ሕልም ቀስ እያለ ይወርዳል። ሴትዮዋ አንጋጣ ታየዋለች። በጫማዋ ስፌት ውስጥ ያው ብናኝ ከርሞ ጠንክሯል፤ የመፈልፈያው ሠራተኛ መሆኗ ያኔ ገባኝ።

እኩለ ቀን ላይ ነጠላዋን አውርዳ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣቷ ብናኝ ይዞ ተነሣ።

«ካለሁበት ከቁሐር ሚካኤል በእግሬ ብመላለስ ይሻላል። ብናኙ የእኔ ብቻ ይሁን» ብላ ሄደች።

ዓይኔ ከገመዱ ጫፍ ከተሰጣው ጋቢዬ ላይ አረፈ። ነጭ እንደነበር ረስቼው ኖሯል።