የሳጉሬው ገበያ ፊልም

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሜሮን ስልኳን ይዛ መጣች። "እማዬ፣ የገመዳ ፊልም ተገኘ። ዘፋኙን ያውቁታል አይደል?" አለችኝ። ገመዳ በካሴት ይሰማል እንጂ በወጣትነቱ ሲዘፍን የሚያሳይ ፊልም አልነበረም። አንድ የውጭ አገር ሰው ሲሞት ልጆቹ ከቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ አገኙት አሉ። ስልኩን ተቀበልኳት፤ ወዲያው ግን አላየሁትም። ያ ፊልም ሲነሳ እዚያ ነበርኩ።

ከአብዮቱ በፊት የነበረው ኅዳር ነው። አሰላ ስለምማር ቅዳሜ ቅዳሜ በእህል መኪና ሳጉሬ ወዳለው ቤታችን እመለስ ነበር። የስንዴው አጨዳ ተጀምሮ መንገዱ ገለባ ገለባ ይሸታል፤ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ገመዳ ገበያው ዳር ጊታሩን ይዞ በኦሮምኛ ይዘፍናል፤ ትራክተር ስለነቀለው የጭሰኛ ጎጆ። ሕዝቡ ሲቀበል እኔም ተቀበልኩ። ቀና ስል ለእርሻ ሥራ የመጣው ፈረንጅ ካሜራውን ወደ እኛ አዙሯል።

አባቴ የባለመሬቱ የፊታውራሪ የእህል መጋዘን ጠባቂ ነበር። የምንኖርበት ቤት የእሳቸው ነው፤ ትራክተሩም የእሳቸው። በማግስቱ ገመዳ በዘፈኑ መታሰሩን ሲሰማ፣ አባቴ የያዘውን ጭኮ ወደ ሳህኑ መለሰው።

"የት ነበር የቆምሽው?"

"ከኋላው።"

"ዝም ብለሽ ነው የቆምሽው?"

ነጠላዬን ሳብ አድርጌ አፌን ሸፈንኩ።

"ያ የፈረንጁ ማሽን ድምፅም ይወስዳል አሉ" አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ተነስቼ ማንበብ እንኳ አቃተኝ። ድምፄን የሰማ ሁሉ የሚያውቅብኝ ይመስለኝ ነበር። ከገና በኋላ ፈረንጁ ፊልም ሊያሳያቸው ፊታውራሪን ጋበዛቸው። አባቴ ጠመንጃቸውን ተሸክሞ ተከተላቸው። እናቴ ከቤቱ ቢያስወጡን ብላ ብርድ ልብሱንና ድስቱን ጆንያ ውስጥ ከተተች። እኔ በሩ ሥር ተቀምጬ ኮቴ አዳምጣለሁ።

አባቴ ሲመለስ ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ "ስንዴ ነው ያሳየን" አለ። "ስንዴና የፈረንጅ ላም። ፊታውራሪ ላሞቹ ሳይመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው።" እናቴ ሳቀች፤ ጆንያውን ግን እስከ ፋሲካ አልፈታችውም። ፈረንጁ የገመዳን ክፍል ለምን እንዳስቀረው አላወቅንም። ገመዳ በአብዮቱ ተፈታ፤ ዝናውም ያን ጊዜ ነው የገነነው።

ሜሮን ፊልሙን ከፈተችልኝ። ገመዳ አፉን ይከፍታል፤ ከኋላው ነጠላ የተከናነበች ልጅ አፏን ትከፍታለች። ድምፅ የለም። ካሜራው መጀመሪያውኑ ድምፅ አይወስድም ኖሯል። ሜሮን ልጅቷን አላወቀቻትም። ያየው ሰው ሁሉ ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ እየጠየቀ ነው አለችኝ፤ ካሴት ላይ ስላልገባ የሚያውቀው የለም።

ፊታውራሪ ከሞቱ ቆዩ፤ መጋዘኑም ፈርሷል። ፍርሃት ግን ያመጣው ሰው ስለሞተ ብቻ ከቤት አይወጣም።

"በሩን ዝጊው" አልኳት።

ስትዘጋው፣ ገመዳ አፉን እስኪገጥም ጠብቄ ዘፈኑን ቀስ ብዬ ተቀበልኩት።